ዛፍ የሌላት የዛፍ እንቁራሪትና የሣር ሜዳዋ ዘማሪ

የዛፍ እንቁራሪት ሲባል በጣቶቿ ጫፍ ክብ መለጠፊያ ያላት፣ ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቀች ፍጥረት በዓይነ ኅሊናችን ትመጣለች። ከጢቾ በላይ ወደ ገላማ ተራራ በሚያመራው ደጋ የምትገኘው ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔየስ ግን ኑሮዋ ሣር ውስጥ ነው። መለጠፊያዎቿ አንሰዋል፤ በደረቁ ወራት አፈር ውስጥ ትሸሸጋለች። ታዲያ ስሟ ለምን አልተለወጠም? ምደባ የሚከተለው መኖሪያን ሳይሆን ዝምድናን በመሆኑ ነው፤ አብዛኞቹ የወገኗ ዝርያዎች ዛፍ ላይ ይኖራሉ።

በዚያው ሣር ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ የተባለች ዘማሪ ወፍ ትኖራለች። ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ከሥሩ ጥቁር ሐብል ያሠረች የመሰለች ናት፤ የመጀመሪያው ስሟ በግሪክኛ «ረጅም ጥፍር» ማለት ነው። በአሜሪካ ሜዳዎች እርሷን የሚመስሉ ቢጫ ደረት ወፎች ቢኖሩም አስተኔያቸው ፍጹም ሌላ ነው። ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ መልክ ሰጣቸው እንጂ ዘመድ አላደረጋቸውም።

ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም። ወፏ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ «ለስጋት የቀረበች» ተብላለች፤ ጎጆዋን መሬት ላይ ስለምትሠራ እርሻና ልቅ ግጦሽ ይጎዷታል። እ.ኤ.አ. በ1967 የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) ከተቋቋመ ወዲህ አርሲ የስንዴ አገር መሆኑ ይታወቃል፤ ለሰው እንጀራ የሆነው ማሳ ለወፏ ሜዳ አልሆነም።

የእንቁራሪቷ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበናል። ወፍ ስምጥ ሸለቆን በክንፏ ትሻገራለች፤ እርጥበት ፈላጊዋ እንቁራሪት ግን ሞቃቱንና ደረቁን ወለል ማቋረጥ አይሆንላትም። የዲ ኤን ኤ ጥናቶችም ከሸለቆው በስተምሥራቅና በስተምዕራብ ያሉት እንቁራሪቶች የተለያየ የዘር ግንድ እንዳላቸው አሳይተዋል። በአንድ ስም የምትጠራው ፍጥረት እንግዲህ ከአንድ በላይ ዝርያ ልትሆን ትችላለች። ስሙ ሲከፈል የእያንዳንዱ ዝርያ ግዛት ይጠባል፤ «በሰፊው ትገኛለች» የሚለው ማጽናኛም ያን ጊዜ አይሠራም።

የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል። እኛ እንደምናስበው ግን ከተራራው ጫፍ ባላነሰ በማሳዎች መካከል የቀሩት እርጥብ ጨፌዎች ጥበቃ ይሻሉ። እንቁራሪቷ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ አጠገብ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ ጨፌው በቦይ ከተጠነፈፈ ለእንቁላሉ የሚተርፍ እርጥበት የለም። ቆጠራውን ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ክረምት ሲገባ እንቁራሪቷ በሌሊት፣ ወፏ በቀን ስትጮህ ጆሮና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ።