«ቮይስሜይሉም ከዚያው ኩባንያ ካልተገዛ አይሠራም»

የሲስኮ አይፒ ስልክ ያለው ቢሮ ቮይስሜይል ሲፈልግ ከሻጭ የሚሰማው መልስ ያው ነው፦ «እሱም የሲስኮ መሆን አለበት፤ ነፃ ሶፍትዌር አይገጥመውም።» ፋይናንስ ይደነግጣል፣ የአይቲ ክፍሉ ዝም ይላል፣ ላይሰንሱ በዶላር ይታዘዛል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እስኪደርስ ደንበኛው ደውሎ፣ ደውሎ፣ የሚያነሳ ሲያጣ ይተወዋል።

እምነቱ መነሻ የለውም አልልም። የሲስኮ ስልኮች ለረጅም ጊዜ ከሰርቨራቸው ጋር ሲነጋገሩ የኖሩት «ስኪኒ» በሚባል የኩባንያው የራሱ ፕሮቶኮል ነው። ቮይስሜይሉ የሚነጋገረው ግን ጠረጴዛ ላይ ካለው ስልክ ጋር ሳይሆን ጥሪውን ከሚመራው ሰርቨር፣ ከኮልማኔጀር ጋር ነው። ኮልማኔጀር ሲፕ የሚባለውን የጥሪ ፕሮቶኮል ይችላል። ሲፕ ደግሞ የማንም ንብረት አይደለም፤ ዛሬ የሚሠራበት መስፈርት በ2002 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ታትሟል። ማርክ ስፔንሰር በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነፃው የስልክ ሶፍትዌር፣ አስተሪስክም፣ ይችለዋል። ሥራው በሁለቱ መሀል የሲፕ ትራንክ፣ ማለትም ጥሪ የሚተላለፍበት መስመር፣ መዘርጋት ነው።

«ሞክረነው እምቢ አለ» የሚሉ አሉ። ጠጋ ብሎ ላየው እምቢታው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው።

የውስጥ ቁጥር 214 ሳይነሳ ሲቀር ኮልማኔጀር ጥሪውን ወደ ቮይስሜይሉ ቁጥር፣ 8000 እንበል፣ ያዞረዋል። አስተሪስክ የሚያየው «8000 ተደወለ» የሚለውን ብቻ ነው። ለማን እንደተደወለ ስላልተነገረው ደንበኛውን የሳጥን ቁጥር ይጠይቀዋል፤ ደንበኛው ግራ ገብቶት ይዘጋል። «አያችሁ፣ አይገጥምም!» ይባላል። የጎደለችው ግን በኮልማኔጀር የትራንክ ማስተካከያ ገጽ ላይ ያለች አንዲት ቼክ ቦክስ ናት፤ በወጪ ጥሪ ላይ «ዳይቨርዥን ሄደር» እንዲላክ የምትፈቅደው። እሷ ከተመረጠች ጥሪው ከ214 መዞሩን ይዞ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ አስተሪስክ ያንን ቁጥር አንብቦ የ214ን ሰላምታ እንዲያሰማ በዲያልፕላኑ፣ በጥሪ መምሪያ ደንቡ፣ ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው መልእክት መኖሩን የሚያሳየው የስልኩ ቀይ መብራት ነው። መልእክቱ ገብቷል፣ መብራቱ ጭልም ብሏል። ኮልማኔጀር ላይ አንድ የማብሪያ፣ አንድ የማጥፊያ ቁጥር ይመዘገባል። አስተሪስክ መልእክት ሲገባም፣ ባለቤቱ ሳጥኑን ከፍቶ ሲወጣም ትንሽ ስክሪፕት ማስነሳት ይችላል፤ ስክሪፕቱ እንደ ሁኔታው ወደ አንዱ ቁጥር ያስደውላል። ብዙዎች የሚስቱት ደዋዩ ማን መስሎ እንደሚቀርብ ነው። ኮልማኔጀር የሚያበራው የደዋዩን ስልክ ስለሆነ፣ ጥሪው መውጣት ያለበት በሰርቨሩ ቁጥር ሳይሆን በ214 ስም ነው። ትራንኩ ወደ ማብሪያው ቁጥር እንዲደውል ካልተፈቀደለትም መብራቱ አይበራም።

ይህን ያላወቀ ቴክኒሻን አይፈረድበትም፣ ይማራል። እያወቀ «አይሆንም» የሚለው ሻጭ ግን በሰው ገንዘብ እየቀለደ ነው።

«ነፃ ስለሆነ ወጪ የለውም» የሚሉትም ያው ናቸው። ላይሰንሱ አይከፈልበትም፤ ባክአፕ የሚይዝና ሰርቨሩን የሚያድስ ሰው ግን ደመወዝ ይበላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት የሻጭ ድጋፍ ቢገዛ ይሻለዋል ወይ? ሳይሻለው አይቀርም።

«ድምፁ የሚጎረብጠው ነፃ ስለሆነ ነው» ለሚሉም፦ ድምፁ ትራንኩ ላይ በጂ.729 በሰከንድ ወደ 8 ኪሎቢት ተጨምቆ መጥቶ፣ ሲቀመጥ ደግሞ በጂ.ኤስ.ኤም. ከተጨመቀ የማንም ሶፍትዌር ቢሆን ይጎረብጣል። ትራንኩን በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሚወስደው ጂ.711 አድርጉት፣ ፋይሉንም ባልተጨመቀ ዋቭ አስቀምጡ።

«የኔን መልእክት ማን ይሰማዋል?» ብሎ የሳጥኑን ፒን ከውስጥ ቁጥሩ ጋር አንድ የሚያደርግም ሞልቷል። የብሪታንያው ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ ጋዜጣ በ2011 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የሰዎችን ቮይስሜይል ሲያደምጥ መኖሩ ተጋልጦ ነው፤ አንዱ መግቢያው ባለቤቶቹ ያልለወጡት ፒን ነበር። አስተሪስክ ላይ ከሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ መደወል ከተፈቀደ ደግሞ ፒኑን የገመተ ሁሉ ሌሊቱን በእናንተ ሒሳብ ውጭ አገር ሲደውል ያድራል። ካላስፈለገ አትክፈቱት።