የእንጨት ማለስለሻ መኪና ስለ መምረጥ

የዋንዛ ጣውላን በብርጭቆ ወረቀት በእጅ መፈተግ ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ድካም ስለሆነ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ለሚሠሩ አናጢዎች የኤሌክትሪክ ማለስለሻ የሚያቀርብ ነጋዴ ገዥ አያጣም። ይሁን እንጂ ዋጋው ረከሰ ብሎ ያገኘውን ሁሉ ማስመጣት አይገባውም።

ባለ ቀበቶው መኪና ፈጥኖ ይልጋል፤ ባልለመደ እጅ ግን ጣውላውን ይቦረቡራል። ክብ ሰሌዳ ያለውና እየዞረ የሚወዛወዘው ጭረት እምብዛም ስለማይተው፣ ለወንበርና ለአልጋ ሠሪ የሚሻለው እርሱ ነው።

አስቀድሞ የቮልቱ ቁጥር ይነበብ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ባለ 120 ቮልት መኪና ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ቀጥሎ ካርቦኑ ይታይ፤ ይኸውም ከሞተሩ ጋር እየተፋተገ የሚያልቅ ትንሽ ዕቃ ነው። በካቻቢቴ የሚፈታ ክዳን በውጭ በኩል ካለው አናጢው ራሱ ይለውጠዋል። ምትክ ከጠፋ ግን መኪናው በሙሉ ይቆማል፤ አናጢውም ለዚያች ቁራጭ ከነቀምቴ እንኳ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው መርካቶ መላክ ግድ ይሆንበታል፤ መኪናውን የሸጠለትንም ሱቅ አያመሰግንም።

ስለዚህ ባለሱቁ ካርቦኑንና በብዛት የተለመደውን ባለ 125 ሚሊ ሜትር ክብ ወረቀት ከመኪናው ጋር አብሮ ይዘዝ። የአቧራ ከረጢት የሌለውን ደግሞ ባይገዛ ይሻላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨትን ብናኝ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታልና።