ከሕግ ጋር ለተጋጩ ታዳጊዎች የሚሰጥ ምክር፦ የ15 ዓመት ወሰንና ውጤቱ

ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዱ የ14፣ ሌላው የ16 ዓመት ልጅ፣ ስልክ ሰርቃችኋል ተብለው በአንድ ምሽት ተያዙ እንበል። ሰፈራቸውም የተጠረጠሩበት ድርጊትም አንድ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚጠብቃቸው ሥርዓት ግን የተለያየ ነው። ለታዳጊዎች የሚዘጋጅ የሕግ ምክር ሁለቱንም «ሕፃናት» ብሎ በአንድነት ከተመለከታቸው ታላቁን ያሳስተዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ በ1996ቱ የወንጀል ሕግና በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ተመሥርቶ፣ ምክሩ ከዕድሜ መጀመር ያለበት ለምን እንደሆነ ያብራራል።

የወንጀል ሕጉ ልጅነትን በሦስት ይከፍላል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት አጥፊ ለአዋቂዎች የተደነገገው መደበኛ ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አይታሰርም (አንቀጽ 53)። ፍርድ ቤቱ በቅድሚያ የሚመለከተው እንደ ተግሣጽና ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ያሉትን እርምጃዎች ነው። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ዕድሜው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ ከመደበኛው ሥርዓት አያወጣውም (አንቀጽ 56)።

ልዩነቱ በቅጣት ብቻ አይወሰንም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የ14 ዓመቱ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ ከተቀጠረም ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ያዛል (አንቀጽ 172)። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለት ጠበቃ ይመደብለታል (አንቀጽ 174)፤ ጉዳዩም በዝግ ችሎት ይታያል (አንቀጽ 176)። የ16 ዓመቱ ጓደኛው ከእነዚህ ድንጋጌዎች ተጠቃሚ አይደለም። ምርመራውም የዋስትና ክርክሩም በአዋቂዎች መንገድ ይሄዳል።

ስለዚህ ለእርሱ የሚሰጠው ምክር ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይነሣል። የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ ያለመናገር መብት አለው፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በተግባር ሲተረጐም፦ አትሽሽ፤ ስምህንና ዕድሜህን በትክክል ተናገር፤ ቤተሰብ እንዲጠራልህ ጠይቅ፤ ስለ ድርጊቱ ከጠበቃ ጋር ሳትማከር ቃል መስጠት እንደማትፈልግ በአክብሮት ግለጽ፤ ያላነበብከውን አትፈርም። ከአዋቂዎች ጋር ከታሰርክ፣ ወጣት አጥፊዎች ተለይተው እንዲያዙ የሚያዘውን አንቀጽ 36 ጠቅሰህ ለፍርድ ቤቱ አመልክት።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ዝምታው ነው። ታላቅ ሲጠይቅ ዝም ማለት ነውር መሆኑን እየሰማ ላደገ ልጅ፣ ለመርማሪ ፖሊስ አለመመለስ እንደ ድፍረት ይታየዋል። ቤተሰብም «ብቻ እውነቱን ተናገር፣ ይለቁሃል» ይለዋል። በዚያች ሰዓት የሰጠው ቃል ግን በማስረጃነት ሊቀርብበት ይችላል። መብቱ የሕግ እንጂ የንቀት ጉዳይ አለመሆኑን ልጁ አስቀድሞ፣ ወላጁም አብሮ ሊያውቅ ይገባል።

የሁለቱ ልጆች ዕጣ የሚለየው በዕድሜ ከሆነ፣ ዕድሜ መረጋገጥ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ የዛሬዎቹ ታዳጊዎች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የመሳሰሉት ሰነዶች አስቀድመው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። በ14ና በ16 መካከል ያለውን ክርክር የሚፈታው እንዲህ ያለ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ሕፃን የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ነው። በዚህና በ15 ዓመት ወሰን መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት የሕግ አውጪው ሥራ ነው። ምክር የሚያዘጋጁ ተመራማሪዎችና የሕግ ክሊኒኮች ኀላፊነት ደግሞ፣ ክፍተቱ እስካለ ድረስ የ16 ዓመቱን ልጅ የሌለውን ጥበቃ አለህ ብለው አለማዘናጋት ነው።