አዛኑን ያዘገየው ኮምፒውተር

በረመዳን ቤታችን ሁለት ራዲዮ ይከፈታል። አንዷ ወጥ ቤት ያለችው የእናታችን ትንሽ ኤፍኤም ናት። ሌላው ሳሎን ያለው አሮጌ ኮምፒውተራችን ነው። የቀድሞው ሥርዓት ከብዶት ሲንቀራፈፍ ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት ጫንበት፤ እነሆ እስከ ዛሬ አለ።

አከፋፈቱ ቀላል ነው። ቪኤልሲ ማጫወቻን ከፍቶ የኮንትሮልና የኤን ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን፣ የሥርጭቱን አድራሻ መለጠፍ፣ ከዚያ ማጫወት። የጣቢያው ድረ ገጽ አድራሻ ግን አይበቃም፤ የሚፈለገው የድምፁ የራሱ አድራሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረውን የካይሮ የቁርኣን ራዲዮ የምንሰማው እንዲህ ነው። በ64 ኪሎ ቢት የሚተላለፍ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል፤ በ128 ደግሞ እጥፉን። ካርድ እየሞላ ለሚያዳምጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ሌሊት የእናታችን ራዲዮ ባትሪ አለቀባትና ሱሁር የበላነው በኮምፒውተሩ ተማምነን ነበር። የከፈትነው ያንኑ የአገር ውስጥ ጣቢያ ነው። ገና ማስታወቂያ እያሰማን ሳለ የሰፈራችን መስጊድ አዛን በመስኮት ገባ። እናታችን ያነሳችውን የውኃ ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች።

«ልጆች፣ ይሄ ነገር የሚያወራው የትናንቱን ነው እንዴ?»

የትናንቱን ባይሆንም ያለፈውን ነው። የኢንተርኔት ራዲዮ ድምፁን እየቆራረጠ ይልካል፤ ማጫወቻውም እንዳይቋረጥበት ጥቂት አጠራቅሞ ነው የሚያሰማው። በዚህ መሐል ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ለኢፍጣር ብዙም አይጎዳም፤ ተምሩ ትንሽ ይቆያል እንጂ። ለሱሁር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የመካን ሥርጭት ሰምቶ ማፍጠር ደግሞ የባሰ ነው። ሰዓታችን ከእነሱ ጋር አንድ ስለሆነ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ፀሐይ ግን እዚያና እዚህ እኩል አትጠልቅም። በጥር የመካዋ ከአዲስ አበባዋ ትቀድማለች፣ በሰኔ ትዘገያለች።

ኮምፒውተሩ አሁንም ከተራዊህ በኋላ ቁርኣን ያሰማናል። እናታችን ግን የሰዓት ሰሌዳውን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ፣ ለራዲዮዋ አራት ባትሪ ገዝታ አስቀምጣለች።