የሎደሩ ፒን ሲደርቅ

ፊቱ ላይ ሎደር የተገጠመለት አነስተኛ ትራክተር አዘዞን በመሰለ፣ የመተማና የባሕር ዳር መንገድ በሚለያይበት ቦታ ሥራ አያጣም፤ አሸዋ ይጭናል፣ ፍግ ያወጣል፣ የፈረሰ ግንብ ያነሣል። ዕድሜውን የሚያሳጥረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭነት ሳይሆን ክንዶቹ የሚታጠፉባቸው ፒኖች መድረቃቸው ነው። ግራሶ ያጣ ፒን ቡሹን ይፍቃል፤ ቡሹ ሲሰፋ ባኬቱ ይወላገዳል፤ የተወላገደ ባኬት የሃይድሮሊኩን ዘንግ በጎን እየገፋ ጎሚኒውን ያስበላዋል። ዘይት መንጠባጠብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባለቤቱም የሚነቃው ያኔ ነው፣ ጥፋቱ ከተጀመረ ወራት ቆይቶ። በየ8 እስከ 10 የሥራ ሰዓቱ ግራሶ ይሰጠው የሚባለው ለዚህ ነው።

«ግራሶ አቧራ ይሰበስባል» የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ የደምቢያ ዋልካ ኒፕሉ ላይ ተለጥፎ ይደርቅና አፉን ይደፍነዋል፤ በዚያ ላይ ግራሶ ቢሰጡት ጭቃውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው። መፍትሔው ግን መተው አይደለም። ኒፕሉ በጨርቅ ይጠረግ፤ ከዚያ የጠቆረው አሮጌ ግራሶ ከዳር ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ይሞላ፤ የተረፈው ይጠረግ። የሚወጣው ግራሶ ቆሻሻውን ይዞት ይወጣል፣ ዳር ላይ የሚቀረውም ስስ ሽፋን አፈር እንዳይገባ ይከላከላል።

«ቢሰበር ይበየዳል» የሚለው ክርክር ይበልጥ ከባድ ነው፣ የብየዳ ቤት በየቦታው አለና። ክንድ ይበየዳል፤ የተፋቀ ዘንግና የተበላ ጎሚኒ ግን አይበየድም። የብየዳው መሬት ሽቦ ከሚበየደው ቦታ ርቆ ከታሰረም ኤሌክትሪኩ በፒኑና በሲሊንደሩ አልፎ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል፤ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ግራሶም ተወዷል ቢባል ልክ ነው፤ አንድ ሲሊንደር ለመቀየር የሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ቆርቆሮ ግራሶ ይገዛል።

ኪራይ ላይ ያለ ሎደር ማንም አይንከባከበውም ይባላል፣ የኦፕሬተሩ ንብረት ስላልሆነ። ይህን ችግር ውል ይፈታዋል፦ ግራሶውን ማን እንደሚገዛ፣ ማን እንደሚሰጥ ቢጻፍ ክርክሩ ያበቃል። ሥራውም አጭር ነው፤ ባኬቱ መሬት ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ማንሻዎቹ ወዲያና ወዲህ ተገፍተው በቱቦው ያለው ግፊት ይለቀቃል፣ ከዚያ ግራሶው ይሰጣል። ቱቦው ማፍሰሱን ለማወቅ ግን በእጅ መዳሰስ አይገባም፤ ሞተሩ እየሠራ ከ100 ባር በላይ ግፊት ያለው ዘይት በመርፌ ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ማፍሰሱን ለማየት አንድ ቁራጭ ካርቶን ይበቃል።