ከዱቤ ደብተር ወደ ስልክ፦ ነጋዴውን የሚጠብቁት የሕግ ጥያቄዎች

በየካ የሾላ ገበያ ነጋዴ የዱቤ ደብተሩን ትቶ በስልክ መተግበሪያ መመዝገብ ጀመረ እንበል። ዕቃ በዱቤ መስጠት ሽያጭ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ካበደረ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መዝገቡ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ይከላከላል። በእኔ አስተያየት ግን ነጋዴው ብቻውን የሚሞላውና የሚሰርዘው መዝገብ የተበዳሪውን ፊርማ አይተካም፤ ለፊርማውም አዋጅ ቁጥር 1072/2010 መንገድ ከፍቷል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደንበኞቹ ስምና ዕዳ ነው። ደብተሩ ከመሳቢያ አይወጣም ነበር፤ ዛሬ በመተግበሪያው ባለቤት እጅ ነው። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን ኃላፊነቱ ከነጋዴው ጫንቃ አይወርድም። እናም ሲዋዋል፣ ውሉ በተቋረጠ ጊዜ መረጃው ለማን እንደሚመለስ አስቀድሞ ያጽፍ።