ለእናት የሚመች ሥራ የትኛው ነው?

ልጅ የወለደች ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት ሙያ ስትመርጥ ዘመድ ወዳጅ የሚሰጣት ምክር ተመሳሳይ ነው፦ «ቀለል ያለ ሥራ ያዢ፤ መምህርነት ለሴት ይመቻል፤ በጊዜ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ የሥራን ቅለት ከአመቺነት ጋር መደባለቁ ግን ብዙ እናቶችን ይጎዳል። መምህርት በጊዜ ብትወጣም ያልታረመው የፈተና ወረቀት ቤቷ ድረስ ይከተላታል። ልጇ ሌሊት ሲያተኩሰው ቢያድር ደግሞ ክፍሉን የሚይዝላት ሰው ካልተገኘ ተማሪዎቿ ያለ ትምህርት ይውላሉ። እኔ እንደማምነው፣ አንድ ሥራ ለእናት መመቸቱ የሚለካው በሰዓቱ ማጠር ሳይሆን ሌላ ሰው ቦታዋን መሸፈን በመቻሉ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት የአሜሪካዊቷ ክላውዲያ ጎልዲን ሥራ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ የያዙ ሴቶችንና ወንዶችን ገቢ ሲመረምሩ፣ ሥራ በጀመሩ ሰሞን ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ግን በጣም ሰፋ፤ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱም የልጅ መምጣት ነው። በፋይናንስ ተቋማትና በትልልቅ የጥብቅና ቢሮዎች ሌት ተቀን ስልክ የሚያነሳ ሠራተኛ በሰዓት ሲሰላ እንኳ ከሌላው የበለጠ ይከፈለዋል። ስለዚህ የሥራ ሰዓቷን በግማሽ የቀነሰች እናት ገቢዋ ከግማሽም በታች ይወርዳል። ጎልዲን ከሎውረንስ ካትዝ ጋር የአሜሪካን ፋርማሲስቶች ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነው፦ ግማሽ ቀን የምትሠራ ፋርማሲስት የሰዓት ክፍያዋ ሙሉ ቀን ከሚሠራው እምብዛም አያንስም። ፋርማሲ ቀላል ሙያ ስለሆነ አይደለም፤ ደህና ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ስህተቱም ነፍስ የሚያጠፋ ሥራ ነው። ድሮ ፋርማሲስቱ የራሱን መደብር ከፍቶ ደንበኞቹን በመልክ እያወቀ ይሠራ ነበር። ዛሬ ብዙው ፋርማሲስት ተቀጣሪ ነው፤ መድኃኒቱ ተመጥኖ ከፋብሪካ ይመጣል፤ ታካሚው ከዚህ በፊት የወሰደው መድኃኒትና መጠኑ ኮምፒውተር ላይ ሰፍሯል። ማታ የምትገባው ተረኛ መዝገቡን ከፍታ የጠዋቷ ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ ታካሚውም የግድ የጠዋቷን ካላገኘሁ አይልም።

«ይህ የአሜሪካ ወሬ ነው፤ እኛ ዘንድ በግማሽ ደመወዝ የቤት ኪራይ እንኳ አይከፈልም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በእኛ አገር ሰዓት መቀነስ ለአብዛኛዋ እናት የማይደረስበት ነገር ነው። መተካካትን ከሰዓት ማጠር አስቀድሜ የማየውም ለዚሁ ነው። ሙሉ ቀን የምትሠራ ነርስ ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር መለዋወጥ ከቻለች፣ በሥርዓት ርክክብ አድርጋ ከወጣችም ቤቷ የሚከተላት ሥራ ከሌለ፣ አለቃዋ በፈለገ ሰዓት ከሚጠራት የግማሽ ቀን ሠራተኛ የተሻለ ኑሮ አላት። ፈተናው ደግሞ ቶሎ ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። በመካከሉ ያሉትን 3 ወራት የምታልፈው፣ ወጣ ብላ ለማጥባት ወይም ወተቷን አልባ ለማስቀመጥ የሚሸፍናት ባልደረባ ካላት ነው።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ «ለምን እናት ብቻ ትመርጣለች?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በዝምታ ማለፍ አይገባም። ለወላጆች በምታደርገው ድጋፍ የምትመሰገነው ዴንማርክ ውስጥ እንኳ ልጅ ከመጣ በኋላ የእናቶች ገቢ ከአባቶች ጋር ሲነጻጸር ለረጅም ጊዜ 20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ የአባቶቹ ግን ንቅንቅ አይልም። በእኛው አዋጅ አባት የሚያገኘው የ3 ቀን ፈቃድ ነው፤ ይህ ከክርስትናው ወይም ከአቂቃው ድግስ እንኳ አያደርስም፤ ሊጨመር ይገባዋል። ያ እስኪሆን ድረስ ግን ዛሬ ልጅ ያቀፈችው እናት ሕግ እስኪሻሻል ሥራ መምረጧን አታቆይም። ተተኪ ያለበት ሥራ ለአባትም ስለሚሆን ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲህ ያለ ሥራ ቢይዙ ሐኪም ቤት የመሄዱ ተራ የእሷ ብቻ አይሆንም።

ሰዓቷን ለመቀነስ የወሰነች እናት ጡረታዋንም ታስብ። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ደመወዝ ሲቀንስ መዋጮውም ይቀንሳል። የዘወትር የእርጅና አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅጥሩ በቃል አይሁን፤ የሥራ ሰዓቱ፣ ደመወዙ፣ የጡረታ መዋጮውና ወደ ሙሉ ቀን የምትመለስበት ሁኔታ በጽሑፍ ይስፈር፤ አንዱን ቅጂም እናትየዋ እጇ ላይ ታስቀር።